በግግር በረዶ ገጽ ላይ የሚተኙ ሐይቆች፦ እንዴት ይሞላሉ? እንዴትስ ይጠፋሉ?



 የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አይቶ «እኚህ ሰው ደግሞ ግሪንላንድ ምን ወሰዳቸው?» ያለ ሰው በዚህ አዳራሽ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ዛሬ ግግር በረዶ የለም። ጥንት፣ በበረዶው ዘመን፣ በባሌ ተራሮች በሳነቴ አምባ ላይ ግግር በረዶ እንደነበረ ትቶት የሄደው የድንጋይ ክምር ይመሰክራል፤ ይህ ግን ለሥነ ምድር ተማሪ እንጂ ለመንገደኛ ዐይን የሚታይ አይደለም። እኔ ወደዚህ ርእስ የገባሁት በሌላ በር ነው። ውኃ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ኖሬአለሁ። በዐለት ውስጥ ሺህ ዓመታት የሚፈጀውን ነገር በረዶ በሁለት ሰዓት ያሳየናል። ለመምህር ከዚህ የሚበልጥ ማሳያ ከየት ይገኛል?

አስቀድሜ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል፤ አለዚያ እንደናገራለን። በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። ከሰማይ የሚወርደውም ጠጠር በረዶ ነው፤ በማቀዝቀዣ የሚረጋውም ውኃ በረዶ ነው፤ የፈረንጅ አገሩም ነጭ ብናኝ በረዶ ይባላል። ለዛሬው ንግግር ብናኙን በቀድሞ ስሙ «አመዳይ» እለዋለሁ። አመዳይ በአመዳይ ላይ ለብዙ ዘመናት ተደራርቦ፣ በገዛ ክብደቱ ተጨምቆ፣ እንደ ወፍራም ማር ቀስ ብሎ የሚፈስሰውን ደግሞ «ግግር በረዶ» እላለሁ። «ይፈስሳል» ማለቴን ልብ በሉ። ግግር በረዶ የቆመ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ምዕራብ ግሪንላንድ እንሂድ። የግሪንላንድ የበረዶ ንጣፍ 1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ በወፍራሙ ቦታ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን የባሕር ወለል ከ7 ሜትር በላይ ከፍ ያደርጋል። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ፀሐይ ሌት ተቀን ሳትጠልቅ ስትቀር፣ በንጣፉ ዝቅተኛ ጠርዝ ላይ ያለው አመዳይ ይረጥባል፤ ቀጥሎ እንደ ጭቃ ይላቁጣል፤ በመጨረሻም በየጎድጓዳው ሰማያዊ ውኃ ይታያል። በጋው ወደ ሐምሌ በገፋ ቁጥር ሐይቆቹ ወደ ከፍተኛው ቦታ እየተከታተሉ ይወጣሉ። በአንድ በጋ በሺዎች ይቈጠራሉ። ትንሹ ጥቂት መቶ ሜትር ስፋት አለው፤ ትልቁ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ይሰፋል፤ ጥልቀታቸው ዐሥር ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ዘወትር የምጠይቀውን አንድ ጥያቄ ላንሣ። በዚያ አካባቢ በረዶው በዓመት 100 ሜትር ያህል ወደ ባሕር ይጓዛል። ሐይቁ ያለበት ጎድጓዳ በበረዶው ላይ የተቀረጸ ቢሆን ኖሮ ሐይቁም አብሮ መጓዝ ነበረበት። የሳተላይት ምስሎች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው፤ ሐይቆቹ ከዓመት ዓመት እዚያው ናቸው። በረዶው ያልፋል፣ ሐይቁ ይቀራል። እንዴት?

መልሱ ያለው ከበረዶው ሥር፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ባለው ዐለት ላይ ነው። በክረምት ወንዝ ዳር ቆማችሁ ከሆነ፣ ከውኃ ሥር የተደበቀ ትልቅ ድንጋይ ባለበት ቦታ የውኃው ገጽ አንድ ጊዜ ጎበጥ፣ ቀጥሎ ሰርጎድ ብሎ እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ውኃው ይሮጣል፤ ጉብታውና ስርጉዱ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ድንጋዩ ነዋ የሠራቸው። ግግር በረዶም በዐለቱ ወጣ ገባ ላይ ሲያልፍ የዐለቱን መልክ፣ ለዝቦና ለስልሶም ቢሆን፣ በገጹ ላይ ያወጣዋል። ትንንሾቹ እብጠቶች በበረዶው ውፍረት ውስጥ ተውጠው ይቀራሉ፤ ከበረዶው ውፍረት ብዙ እጥፍ የሚሰፉት ግን እስከ ላይ ይሰማሉ። በመሆኑም የሐይቆቹ ካርታ በተዘዋዋሪ መንገድ የማይታየው ዐለት ካርታ ነው ማለት ይቻላል።

ጎድጓዳ መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም፤ እቃው ውኃ መያዝ አለበት። ከፍ ባለው የንጣፉ ክፍል ያለው የቆየ አመዳይ እንደ ስፖንጅ ነው፤ የቀለጠውን ውኃ ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ ውኃውም እዚያው ተመልሶ ይረጋል። ሐይቅ የሚቆመው ስፖንጁ በሞላበት ወይም ራቁቱን የወጣ ጠጣር በረዶ ባለበት ቦታ ነው፤ ጠጣር በረዶ ውኃ አያሰርግምና። ሐይቁ አንዴ ከቆመ ደግሞ ራሱን ያሳድጋል። ትኩስ አመዳይ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከመቶ ሰማንያውን እጅና ከዚያ በላይ መልሶ ወደ ሰማይ ይወረውራል። ራቁት በረዶ የሚመልሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ጥልቅ ውኃ ደግሞ ብርሃኑን አብዛኛውን ይውጠዋል። ይህን የማንጸባረቅ መጠን ሊቃውንቱ አልቤዶ ይሉታል። የዋጠው ሙቀት የሐይቁን ወለል ያቀልጣል፤ በሐይቁ ሥር ያለው በረዶ ከአጠገቡ ካለው ራቁት በረዶ በእጥፍ ያህል ፍጥነት ይቀልጣል። ጎድጓዳው እየጠለቀ ይሄዳል፣ ብዙ ውኃ ይይዛል።

የዚህ ሐይቅ ዕጣ ፈንታ ከሦስት አንዱ ነው። አንዳንዱ በመስከረም ብርድ ላዩ ይረጋል፤ በአመዳይ ይሸፈንና ውስጡ ውኃ እንደያዘ እስከሚቀጥለው በጋ ሊቆይ ይችላል። አንዳንዱ ከጫፉ ይፈስሳል፤ የሚፈስሰው ውኃ የራሱን ቦይ እያቀለጠ ያጠልቃል፣ ሐይቁም በቀናትና በሳምንታት ይጎድላል። ስለነዚህ ሁለቱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን የዛሬውን ጊዜ ለሦስተኛው ልስጥ፤ ምክንያቱም ሦስተኛው ሐይቁን ከበረዶው ሥር ካለው ዓለም ጋር ያገናኘዋል።

እስኪ በግግር በረዶ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ እንበል። ስንጥቁ ደረቅ ከሆነ የበረዶው ክብደት ከግራና ከቀኝ ተጭኖ ይዘጋዋል። በዚህም ምክንያት ደረቅ ስንጥቅ በአብዛኛው ከጥቂት ዐሥር ሜትሮች በላይ አይዘልቅም። አሁን ውኃ ሙሉበት። የአንድ ሜትር ኩብ በረዶ ክብደት 917 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የውኃ 1000 ነው። በረዶ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው በዚህ የእፍግታ ልዩነት ነው፤ ሐይቁን የሚያጠፋውም ይኸው ልዩነት ነው። በ900 ሜትር ጥልቀት በረዶው ስንጥቁን ለመዝጋት የሚጫነው ግፊት 8.1 ሜጋ ፓስካል ያህል ነው። እስከ አፉ የሞላው ውኃ ለመክፈት የሚገፋው ግን 8.8 ያህል ነው። በጠለቀ ቁጥር የውኃው ብልጫ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እንግዲህ በውኃ እንደተሞላ የሚቆይ ስንጥቅ ከታችኛው ዐለት በፊት የሚያቆመው ነገር የለም። ይህን ሐሳብ በ1973 በጽሑፍ ያቀረበው ዮሐንስ ቪርትማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ነው።

«እንደተሞላ የሚቆይ» ባልሁት ላይ አጥብቁልኝ። ከላይ ባለው ምሳሌ ውኃው ከስንጥቁ አፍ 75 ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ብልጫው በሙሉ ይጠፋል። ደግሞም በረዶው ከዜሮ በታች ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የዘገየ ውኃ ይረጋል፣ መንገዱንም ይደፍናል። ስለዚህ ስንጥቁ ብዙ ውኃ በፍጥነት የሚያቀብለው ጎተራ ያስፈልገዋል። ሐይቁ ያ ጎተራ ነው። አንዲት ቀጭን ጅረት ያን ሥራ በቀላሉ አትሠራም።

ለብዙ ዓመታት ይህ በወረቀት ላይ ያለ ስሌት ነበር። ከዚያ ሐምሌ 2006 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መጣ። ሣራ ዳስ ከዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም፣ ኢያን ጁጊን ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በምዕራብ ግሪንላንድ በአንድ ሐይቅ ውስጥና ዳር መሣሪያዎች ተክለው ነበር፤ የውኃ ከፍታ መለኪያ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ፣ የጂፒኤስ ጣቢያ። የሐይቁ ስፋት 5.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ውኃው 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል፣ ከሥሩ ያለው በረዶ ውፍረት 980 ሜትር ነበር። ሐምሌ 29 ቀን የሐይቁ ከፍታ ለብዙ ሰዓታት በዝግታ ሲቀንስ ዋለ። ከዚያ ድንገት ተናደ። በ1.4 ሰዓት ውስጥ ሐይቁ ባዶ ሆነ።

እስኪ ይህን በምናውቀው ወንዝ እንለካው። 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በ1.4 ሰዓት ሲካፈል በሴኮንድ 8700 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ዐባይ ከአገራችን ድንበር ሲወጣ የዓመት አማካይ ፍሰቱ በሴኮንድ 1500 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ከአምስት ዐባይ የሚበልጥ ውኃ አንድ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ በረዶ ውስጥ ቀጥ ብሎ ወረደ። ውኃው ከበረዶውና ከዐለቱ መካከል ሲገባ ያን ሁሉ በረዶ እንደ ድስት ክዳን አነሣው፤ ከሐይቁ አጠገብ የነበረው ጂፒኤስ 1.2 ሜትር ከፍ አለ፣ 0.8 ሜትርም ወደ ጎን ተንሸራተተ። ውኃው በዐለቱ ላይ ሲበተን በረዶው ተመልሶ ዝቅ አለ። ስንጥቁ ሲዘጋ በላዩ ላይ የቀረው ቀዳዳ ግን በበጋው ሁሉ ጅረቶችን እየዋጠ ይቀጥላል። ይህን ዓይነቱን ቀዳዳ ሙላን ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ ወፍጮ ማለት ነው፤ ስያሜውን ያገኘው ከሚያሰማው ድምፅ ሳይሆን አይቀርም።

ያም ሆኖ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ሐይቆቹ ያሉት በጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ በጎድጓዳ ውስጥ በረዶው አብዛኛውን ጊዜ ይጨመቃል እንጂ አይሳብም። በሚጨመቅ በረዶ ላይ የመጀመሪያውን ስንጥቅ ማን ይከፍተዋል? ሎራ ስቲቨንስና ባልደረቦቿ በዚያው ሐይቅ ዙሪያ 16 የጂፒኤስ ጣቢያዎች ተክለው በ2011፣ በ2012 እና በ2013 የሆነውን ከመዘገቡ በኋላ በ2015 መልሳቸውን አሳተሙ። ሐይቁ ከመፍሰሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ቀደም ብሎ፣ ከአካባቢው ሙላኖች የወረደ ውኃ ከሥር ገብቶ በረዶውን ማንሣትና ማንሸራተት ይጀምራል። ያ እንቅስቃሴ የሐይቁን ወለል ለአጭር ጊዜ ይለጥጠዋል፤ ስንጥቁም በዚያች ጊዜ ይከፈታል። ይህ ውጤት ትልቅ ነገር ያስከትላል፦ አንዱ ሐይቅ ሲፈስስ ጎረቤቱን ሊያስፈስስ ይችላል። ፖል ክሪስቶፈርሰን እና ባልደረቦቹ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሐይቆች በተከታታይ፣ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚፈስሱ አሳይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ደረስን። አንድ ሐይቅ ወደ ባሕር የሚጨምረው ውኃ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ያን 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በዓለም ውቅያኖስ ላይ ብታካፍሉት የአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥር ሺህኛ ያህል ነው የምታገኙት። አሳሳቢው ውኃው በበረዶው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። በ2002 ጄይ ዝዋሊና ባልደረቦቹ ስዊስ ካምፕ በተባለው የምርምር ጣቢያ አቅራቢያ በረዶው በበጋ እንደሚፈጥን በመለኪያ አረጋገጡ። ትርጓሜው ቀላል ነበር፤ ውኃ ከሥር ሲገባ ያሟልጫል፣ ሲያሟልጭ ይፈጥናል። ብዙ ቅልጠት ብዙ ውኃ፣ ብዙ ውኃ ብዙ ፍጥነት፣ ብዙ ፍጥነት ብዙ በረዶ ወደ ሙቁ ዝቅተኛ ቦታ። የብዙዎች ስጋት ከዚህ ተነሣ።

ስዊስ ካምፕን በ1990 ያቋቋመውና የዚህ ጥናት ተባባሪ ጸሐፊ የነበረው ኮንራድ ሽቴፈን በነሐሴ 2020 በዚያው ጣቢያ አቅራቢያ ውኃ በያዘ ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። ሠላሳ ዓመት የተመላለሰበት ቦታ ነበር። ስለ ስንጥቅና ስለ ግፊት በሰሌዳ ላይ ቁጥር ስንጽፍ፣ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡና ምን እንዳስከፈሉ ተማሪዎቼ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። የማሟለጥ ሐሳብ ግማሽ እውነት ሆኖ ተገኘ። ከበረዶው ሥር የሚሮጥ ውኃ በመፋተግ የሚያመነጨው ሙቀት ዙሪያውን ያቀልጣል፤ ዋሻ ይሠራል። ሃንስ ሮትሊስበርገር በ1972 እንዳሳየው፣ ዋሻው በሰፋ ቁጥር ውኃው በአነስተኛ ግፊት ያልፍበታል፤ በዙሪያው ያለውንም ውኃ ወደራሱ ይስባል። ከተማ ውስጥ ዋናው የጎርፍ ቱቦ ሲከፈት በየመንገዱ የተኛው ውኃ እንደሚነጥፍ ማለት ነው። በበጋው መጀመሪያ ዋሻዎቹ ስላልተሠሩ ውኃው ተበትኖ በረዶውን ያነሣል፣ በረዶውም ይፈጥናል፤ በበጋው መጨረሻ ዋሻዎቹ ሰፍተው ግፊቱ ስለሚወርድ በረዶው ዐለቱን ይነክሳል፣ ይዘገያል። ክርስቲያን ሾፍ በ2010 በስሌት እንዳስረዳው፣ በረዶውን የሚያፈጥነው የውኃው ብዛት ሳይሆን መለዋወጡ ነው። ለዋሻዎቹ ያልጠበቁት ድንገተኛ ጎርፍ ከማይቋረጥ ብዙ ፍሰት የበለጠ ያናውጣል። ድንገት የሚፈስስ ሐይቅ ደግሞ የድንገተኛ ጎርፍ ዋነኛው ምሳሌ ነው።

በ2015 የወጣ የአንድሩ ቴድስቶንና የባልደረቦቹ ጥናት ብዙዎችን አስገርሟል። በምዕራብ ግሪንላንድ፣ ጫፉ በየብስ ላይ በሚያልቀው የበረዶ ክፍል፣ ቅልጠቱ በብዙ ጨምሮ ሳለ የዓመቱ አማካይ ፍጥነት ከ1985–1994 ከነበረው በ2007–2014 12 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ይዘው «እንግዲህ ስጋቱ ከንቱ ነበር» ብለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንደኛ፣ ጥናቱ የሚናገረው በየብስ ላይ ስለሚያልቀው በረዶ ነው፤ ጫፉ ባሕር ውስጥ የገባው በረዶ ሌላ ሕግ አለው። ሁለተኛ፣ ሐይቆቹ ወደ ንጣፉ መሐል እየወጡ ነው፤ እዚያ በረዶው በጣም ወፍራም ስለሆነ ክብደቱ ዋሻዎችን ቶሎ ይዘጋል፤ ከዳር ያየነው ራስን የማረጋጋት ሥርዓት እዚያም ይሠራል ብሎ መውሰድ አይቻልም። በሌላ በኩል፣ ከፍ ባለው ቦታ ስንጥቆች ጥቂት ስለሆኑ ብዙው ውኃ ወደ ሥር ሳይገባ በገጹ ላይ ረጅም ርቀት ፈስሶ በዝቅተኛው ሙላን ሊገባ ይችላል የሚሉ አሉ፤ ይህም ክብደት ያለው ክርክር ነው። ፈተና ላይ «ያፋጥናል ወይስ አያፋጥንም?» ብዬ ብጠይቃችሁ፣ «የት? መቼ?» ብሎ መልሶ የሚጠይቀኝ ተማሪ ሙሉ ማርክ ያገኛል።

በአንታርክቲካ ጉዳዩ ይለያል። እዚያ ብዙዎቹ ሐይቆች የሚተኙት ከየብስ ወጥቶ በባሕር ላይ በተንሳፈፈ የበረዶ ንጣፍ ላይ ነው። ከሥሩ ዐለት የለም፤ ባሕር ነው። ላርሰን ቢ የተባለው ተንሳፋፊ ንጣፍ በ2002 መጀመሪያ 3250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉ በ35 ቀናት ገደማ ውስጥ ተሰባብሮ ጠፋ። ከመሰበሩ በፊት በገጹ ላይ ከ2000 በላይ ሐይቆች ነበሩ፤ አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈሰሱ። አሊሰን ባንዌል፣ ዳግላስ ማክአዬል እና ኦልጋ ሰርጊየንኮ በ2013 ያቀረቡት ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ሐይቁ ሲሞላ ተንሳፋፊውን በረዶ በክብደቱ ያጎብጠዋል፤ ሲፈስስ በረዶው ይቃናል። ይህ መታጠፍ በሐይቁ ዙሪያ የቀለበት ስንጥቅ ይፈጥራል፤ ስንጥቁ ጎረቤት ሐይቅ ሲደርስ እሱንም ያስፈስሳል፤ እንዲህ እያለ ይዛመታል። ኋላ ባንዌልና ባልደረቦቿ በማክመርዶ ተንሳፋፊ ንጣፍ ላይ ይህን መታጠፍ በመሣሪያ ለክተው በ2019 አሳትመዋል። የተንሳፈፈ በረዶ ሲሰበር የባሕሩን ወለል በቀጥታ ከፍ አያደርግም፤ ቀድሞውንም ውኃው ላይ ነበርና። ነገር ግን ከኋላው ያሉትን የየብስ ግግር በረዶዎች ደግፎ የያዘ በር ነበር። በሩ ሲነሣ ግግሮቹ በብዙ እጥፍ ፈጠኑ።

ባሕር የለንም ብለን ነገሩን ከሩቅ ማየት አይቻለንም፤ የገቢና የወጪ ንግዳችን አብዛኛው የሚያልፍበት የጅቡቲ ወደብ ባሕር ዳር ነው።

ጊዜዬ አልቋል፤ አንድ ጥያቄ ብቻ እንድመልስ ተፈቅዶልኛል። ከኋላ ወንበር ያለችው ተማሪያችን የጠየቀችው፣ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ የፈሰሰ ሐይቅ በሚቀጥለው ዓመት እንዴት እንደገና ውኃ ይይዛል የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። በክረምት ውኃው ሲጎድል ስንጥቁን ከፍቶ የሚይዝ ግፊት አይኖርም፤ በረዶው ተጭኖ ይዘጋዋል፣ የቀረውም ውኃ ይረጋና ይደፍነዋል። አሮጌው ሙላን ደግሞ ከበረዶው ጋር 100 ሜትር ያህል ወደ ታች ይሄዳል። ጎድጓዳውን የሠራው ዐለት ግን እዚያው ስለሆነ በቀጣዩ ሰኔ አዲስ በረዶ በዚያው ጎድጓዳ ላይ ደርሶ ያገኘዋል፤ ውኃውም እንደገና ይጠራቀማል። ይህን ራስሽ ልታዪው ትችያለሽ። ላንድሳትና ሴንቲነል ሁለት የተባሉት ሳተላይቶች ምስሎች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በምዕራብ ግሪንላንድ አንድ ሐይቅ ምረጪ፤ የአምስት ዓመት የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ምስሎችን ደርድሪ፤ የፈሰሰበትን ሳምንት መዝግቢ። ቢሮዬ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ ይዘሽ ነይ።